ቀይ ክር የታሰረበት ቅመም

መርዋን ማማት የሚያምረው ሰው ካለ እኔ በሌለሁበት ይማት። እኔ ካለሁ ግን አፉን ሰብስቦ ይቀመጥ። ይመኙሽ እባላለሁ፤ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጌሾና ብቅል ስሸጥ ፀጉሬ ሸብቷል። የኔን መደብና የመርዋን ሱቅ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት ከወንበሬ ሳልነሣ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን ከሰው አልሰማሁትም።

መርዋ የእስላሞቹ ሰፈር፣ የአዲስ ዓለም ልጅ ናት። አባቷ ዐብዱልከሪም ቅመም ነጋዴ ነበሩ፤ ሱቅ ቁጭ ብለው ገዥ የሚጠብቁ ዓይነት ሰው ግን አልነበሩም። የሳንጃ ገበያ ሲደርስ ሳንጃ፣ የአዲ አርቃይ ሲደርስ አዲ አርቃይ፣ ጆንያቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው ከላዩ ተቀምጠው ይወርዳሉ። ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና መርዋን ከጎናቸው አስቀምጠው ንግዱን አስተማሯት። ሲሞቱም ሱቁን ተረከበች። ሱቁን ስል ንግዱን ማለቴ ነው፤ ቤቱ የአያ ዳኛው ነው። ባሏ ቡሽራ «ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፤ እዚያው ሌላ አግብቶ ቀረ። መርዋ ስለ እሱ አንድ ክፉ ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። በሷ ፈንታ የምረግመው እኔ ነኝ። ልጇን ያስሚንን ብቻዋን አሳድጋ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያስገባቻት በዚያችው ሱቅ ነው።

ቅመም የሚሸጥ ሰው የሰው ቤት ሳይገባ የሰውን ቤት ያውቃል። ኮረሪማ አብዝታ የገዛች ልጅ ልትድር ነው። በርበሬ በቁና ትወስድ የነበረች በጣሳ ከጠየቀች ቤቷ ጎድሏል። ጥቁር አዝሙድና ጤና አዳም የምትመላለስበት ደግሞ በሽተኛ አስተኝታለች። እኔ ይህን ሁሉ አውቄ ዝም ብል ሆዴ ይፈነዳል፤ አልዋሽም። ስንት ጊዜ «መርዋ፣ ያቺ ሴትዮ ምን ገዛች?» ብያታለሁ። «ቅመም» ትለኛለች። በቃ፣ ሌላ የለም። መጀመሪያ የናቀችኝ መስሎኝ ሳኩርፍ ነበር፤ ኋላ ለሁሉም እንዲያው መሆኗን አየሁና ተውኳት።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕንዳውያን መምህራን ባስመጣበት ጊዜ ነው ነገሩ የጀመረው። አንድ ቀን ግንባሯ ላይ ነጥብ ያላት ሴት ከሱቅ ሱቅ እየዞረች አፍንጫዋን ጆንያ ውስጥ ስትከት አየን። ሰዉ ሳቀባት። ባለሱቁ ሁሉ «ምን ጠፍቷት ነው?» እያለ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። መርዋ ግን ወንበር ሰጠቻትና ጆንያዎቿን እየፈታች አስጠጋችላት። ድምብላሉን አሸተተች፤ እርዱን፣ አብሹን፣ ከሙኑን፣ ሰናፍጩን። ከዚያ ዐይኗ እንባ ሞላ። እኔ በርበሬው አቃጥሏት ነው ብዬ ውኃ ላቀርብላት ተነሣሁ፤ ለካ ካገሯ ከወጣች ጀምሮ የናቷን ወጥ የሚመስል ወጥ ሠርታ አታውቅም ኖሯል።

ሱጃታ ትባላለች። ሥጋ አትበላም፣ ዓሣ አትበላም፣ እንቁላል አታስጠጋም። ይህ ሲሰማ ገበያው ጉድ አለ። «ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናት» ተባለ። በፋሲካ ለት እንኳ እንደማትገድፍ ሲወራ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡላት። ወተት ስትገዛ የታየች ዕለት ደግሞ «ወተት እየጠጡ ምን ጾም አለ» የሚል ክርክር ተነሣ፤ የተነሣውም ከኔ መደብ ነው። ሱጃታ ከመርዋ መጀመሪያ የተማረችው አማርኛ «የጾም» የሚለውን ነው። በማታውቀው ነገር ላይ እጇን ጭና «የጾም?» ትላለች። መርዋ «የጾም ነው» ካለቻት ሌላ አትጠይቅም፤ ቋጥራ ትሄዳለች።

ቀጥሎ ቻይናዎቹ መጡ። የሊማሊሞን መንገድ ወደ ዛሪማ የሚሠሩት ናቸው። የካምፑ ወጥ ቤት ቀጭን ሰውዬ ነው፤ በየሳምንቱ በፒክአፕ ጎንደር እየወጣ ጥቅል ጎመንና ዝንጅብል በጆንያ ይጭናል። አማርኛ ስለማይችል የጎደለውን በሥዕል ያዛል። ጠርሙስ ይሥልና ውስጡን ያጠቁረዋል። ቆርቆሮ ይሥልና ላዩ ላይ ዶሮ ያስቀምጣል። መርዋ ሥዕሎቹን ቦርሳዋ ውስጥ አጣጥፋ አዲስ አበባ ወረደች፤ የእስያ ሰዎች ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ቦሌ በኩል አለ ብለው ነግረዋት ነበር።

አንድ ጊዜ እኔም እህቴን ልጠይቅ አብሬያት ሄጄ ያንን ሱቅ አይቼዋለሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ገና ከበሩ ሽታው ገፍቶ ሊመልሰኝ ነበር። ጥፍር የሚያካክሉ ዓሦች ዐይናቸው እንዳፈጠጠ ደርቀው በላስቲክ ታሽገዋል። እንጉዳዩ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ተጨራምቷል። ውስጡ የጠቆረ እንቁላል አለ፤ ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፣ ሆን ብለው ነው ያጠቆሩት። እኔ ሳማትብ እጄ ዛለ። መርዋ ግን እንደ ቤቷ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ትላለች። ጥቁሩን ጠርሙስ ከፍቼ ካላሸተትኩ፣ የሰሊጡን ዘይት መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ካላሸሁ አልገዛም ትላለች። «ይሄ ሰሊጥ ከልክ በላይ ተቆልቷል፤ የሳንጃው ይበልጠዋል» ስትል ሻጯ ልጅ በሳቅ ሞተች።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። መርዋ ያነሣችውን ሁሉ አንድ በአንድ ለልጅቷ እያቀረበች «ሥጋ አለበት? ዐሳማ አለበት? አልኮል አለበት?» ማለት ጀመረች። ልጅቷ እንግሊዝኛውን ታነባለች፤ ቻይንኛውን ደግሞ ባለሱቁን እየጠራች ታስነብባለች። ከኋላችን ሰው ተሰልፎ ያጉረመርማል። ልጅቷ መረራትና «እትዬ፣ የሚበላው ቻይና አይደል? እሱ እንደሆነ ሁሉንም ይበላል፤ ምን አደከመሽ?» አለቻት። መርዋ «የሚበላው ቻይና ነው፤ የምሸጠው ግን እኔ ነኝ» አለቻት። እኔ እግሬ አብጦ ቆሜ ልሞት ደርሻለሁ። እሷ ዐሳማና አልኮል ያለበትን ሁሉ ለይታ መደርደሪያው ላይ መለሰች። የቀረውን ደግሞ እዚያው ወለል ላይ ቁጭ ብላ ክር ታስርበት ጀመር፤ ሥጋ የሌለበትን በነጭ፣ ሥጋ ያለበትን በቀይ። ጎንደር ገብታ ትልቁን ቆርቆሮ በትንንሽ ላስቲክ ስትቋጥረውም ማሰሪያው ያው ክር ነው።

ነጭ የጾም፣ ቀይ የፍስክ። ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ወር ሳይሞላው አወቀው። ገበያው በሙሉ ያውቃል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ቀይ ከታሰረበት ውስጥ አንዱ ያ ዶሮ የተሣለበት ቆርቆሮ ነው። ቢጫ ዱቄት ነው፤ ከዶሮ የተሠራ። ቁንጥር ጣል ሲያደርጉበት ሽሮው ዶሮ ዶሮ ይላል ተብሎ ከካምፑ ወሬ ወጣ። ከኛ ሴቶች ጠያቂ ሲመጣ መርዋ ሁልጊዜ የምትለውን እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ይሄ ቻይና ያረደው ዶሮ ነው። በኛ በኩል ቢስሚላህ አልተባለበትም፣ በናንተ በኩል በስመ አብ አልተባለበትም። እኔ አልቀምሰውም። ያመጣሁት ለካምፑ ነው።» ይህን ሰምታ «እንዲያም ሆኖ ስጪኝ» ያለች ካለች እንግዲህ ኃጢአቱ የማን ነው? ትልቅ ሴት ናት፤ ጆሮ አላት።

አሁን ወደ ሰብለ ወንጌል ልምጣ። ሰብለ ወንጌል የአያ ዳኛው ሚስት ናት፤ የመርዋን ሱቅ የሚያከራየው የዳኛው። ግቢያቸው ሰፊ ስለሆነ ሱጃታና ባሏም እዚያው ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እኔና ሰብለ ወንጌል የአንድ ማርያም ማኅበርተኞች ነን፤ ጠበሏን ስንት ዓመት ቀምሻለሁ፤ ሽሮዋ ሽሮ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። ባለፈው ዓመት ግን ድንገት ስሙ ገነነ። በማኅበር ቢሉ በሰንበቴ «ሰብለ እጇ ላይ ምን አለ?» ይባልላት ጀመር። እሷም «የእናቴ እጅ ነው» እያለች አንገቷን ትሰብቃለች።

ዘንድሮ በሁዳዴ መካከል ነው። በሁዳዴ እኔ ከቀትር በኋላ መደቤን ሸፍኜ ቅዳሴ እገባለሁ፤ ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል። ያን ቀን ግን ጉልበቴ ተይዞ ጆንያዬ ላይ ጋደም ብያለሁ። ከቆርቆሮው ማዶ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቀዩን ስጪኝ» የምትል ሴት ሰማሁ። ሰብለ ወንጌል ናት።

«እትዬ፣ ጾም ላይ አይደላችሁም?» አለቻት መርዋ።

«ለኔ መሰለሽ? ለሕንዶቹ ነው።»

«ሱጃታ እኮ ሥጋ አትበላም።»

«ለባሏ ነው።»

«እሱም አይበላም።»

«እንግዳ መጥቶባቸዋል። ምነው መርዋ፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

መርዋ የዱሮ ንግግሯን ደገመችላት፤ ቻይና ያረደው ነው፣ እኔ አልቀምሰውም። ሰብለ ወንጌል «ዐውቃለሁ፣ ዐውቃለሁ» ብላ ቋጠሮዋን በነጠላዋ ሸጉጣ ወጣች። እንቁላል የማይነካ ቤት የዶሮ ዱቄት የሚበላ እንግዳ ከየት እንዳመጣ ገርሞኝ ነበር፤ ግን ጉልበቴ አስጨንቆኛልና ተውኩት።

በዚያው ሳምንት ማኅበሩ የወጣው በሷ ቤት ነው። ከቅዳሴ መልስ ገባን። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ሽሮው መጣ። ጣፈጠኝ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደግሜ ነው የበላሁት። ሰብለ ወንጌል ሱጃታንም ጠርታ ከመካከላችን አስቀመጠቻትና «የዓመት ጾመኛችን» እያለች አጎረሰቻት። ሱጃታ ሸጋ ሴት ናት፤ ተቀምጣ መብላት ብቻ አይሆንላትም። ሳህን ልታግዝ ማድ ቤት ገባች። ስትመለስ ባዶ ላስቲክ ይዛለች፤ በጣቷ ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሟል።

«የጾም አይደለም» አለች። ክሩን ወደኛ ዘርግታ አሳየችን። «የጾም አይደለም። ቀይ።» ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ስታስመልስ ድምፅዋ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ የራሴን ጾም ረስቼ ለሷ አዘንኩ፤ ከተወለደች ሥጋ ቀምሳ የማታውቅ ሴት ናት እኮ፤ ያጎረሰቻትም የቤት አከራይዋ ናት።

ሰብለ ወንጌል ለማዘን ጊዜ አላገኘችም። «መርዋ ናት» አለች ወዲያው። «የጾም ስጪኝ ብያት ይህን ቋጥራ ሰጠችኝ። እኔ የክር ነገር ምን ዐውቄ። ሆን ብላ ነው፤ እስላም ናት፣ ጾማችንን ልታስፈታን ነው።» ሴቶቹ እሳት እንደነካው ጭድ ተያያዙ። «ድሮም ጠርጥሬያታለሁ» ያላለች የለችም። ተነሥቼ «ሰብለ፣ ከቆርቆሮው ወዲህ ተኝቼ ሰምቼሻለሁ። ቀዩን ብለሽ ጠርተሽ ነው የገዛሽው» አልኳት። «አንቺ ጎረቤቷ ነሽ፤ ከኛ እሷ ትበልጥብሻለች» አሉኝ፤ አስቀመጡኝም። ያን ዕለት የማኅበርተኛ ፊት አስጠላኝ።

ከዚያ በኋላ በመርዋ ደጅ ሰው ጠፋ። የማያውቃት ባላገር ሊገዛ ቆም ሲል ክንዱን ይዘው ያሳልፉታል። አንዷማ ደረጃዋ ላይ ምራቋን ተፋች። የራሷም ሰፈር ሰዎች «ቢስሚላህ ያልተባለበት ሥጋ ምን አነካካሽ?» ብለው አኮረፏት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይህ ነው፤ የበላችውንና ያበላችውን ትቶ የነገረቻትን። መርዋ በየጠዋቱ ትከፍታለች፣ ደጇን ትጠርጋለች፣ ጆንያዎቿን ትፈታለች፣ ማታ መልሳ ትቋጥራለች።

አያ ዳኛው መጣና ቤቴን ልቀቂልኝ አላት። ሽማግሌ ይይልኝ ብላ ለመነችው። «ሽማግሌ ጥፋት የለባትም ካለ ትቀመጣለሽ፤ አለዚያ ትወጫለሽ» ብሎ ተስማማ። ቁርጡ እንግዲህ ይህ ነው። ሱቁ ከሄደ የአባቷ ደንበኛ ሁሉ ይሄዳል፣ ያስሚንም ትምህርቷን ሳትጨርስ ትመለሳለች። ይህን ቆጥሬ ነገርኳትና «ሰብለ ወንጌል ያለችሽን እዚያ ትናገሪያለሽ» አልኳት።

«ተናግሬ እሷ ባሏን ምን ትለዋለች?» አለችኝ።

«እኔ ምን ገዶኝ ምን ትለዋለች። ሱቅሽን ሊነጥቅሽ ነው እኮ።»

«ከደጄ የገዛ ሰው ያለኝን አደባባይ አላወጣም፣ ይመኙሽ። ይህን ሳላደርግ ነው የኖርኩት።»

ልመታት ምንም አልቀረኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ እንኳየሁ ግቢ ተሰበሰብን። መምሬ የብዙዎቻችን የንስሐ አባት ናቸው። ከመርዋ ወገን ሐጂ ዐብደላ መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ። ማኅበርተኞቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ሰብለ ወንጌል ተናገረች፤ በመካከሉም አለቀሰች። ሲያለቅሱ ማየት የሚወድ ሰው ቢኖር ሸጋ አድርጋ ነው ያለቀሰችው። ቀጥሎ መርዋ ተጠየቀች።

«የጾም ነው ብዬ አልሸጥኩም» አለች።

«ታዲያ ምን ብለሽ ሸጥሽ? ምን ተባባላችሁ?» አሉ መምሬ።

«እሳቸው ይንገሯችሁ፣ አባቴ።»

እኔ አላስችለኝ አለና ተነሥቼ የሰማሁትን ቃል በቃል ተናገርኩ። አያ ዳኛው «አንድ ምስክር፣ ያውም ጎረቤት» አለ። መምሬም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ጊዜ ሐጂ ዐብደላ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና «ነገሩ የሚቋጨው በክሩ ነው» አሉ። «ሰብለ ወንጌል የክሩን ነገር አላውቅም ብላለች። ከነዚህ ሴቶች መካከል ቀዩ የፍስክ መሆኑን የምታውቅ አንዲት ካለች፣ ገበያው ያውቅ ነበር ማለት ነው። ገበያው ካወቀ መርዋ አላታለለችም።»

እፎይ አልኩ። የኔ ቃል የጎረቤት ተብሎ ወድቋል፣ ሱጃታም አልተጠራችም፤ ቢሆንም ክሩን የማያውቅ ማን አለ? መምሬ ወደ ሴቶቹ ዞረው «ማን ታውቃለች?» አሉ። ጽጌሬዳ ከመርዋ ሱቅ ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትሸጥ ናት፤ ክሩ ሲታሰር እያየች ነው የምትውለው። የቀሚሷን ጠርዝ ታየው ጀመር። «አላውቅም፣ አባቴ» አለች። ከጎኗ ያለችውም አላውቅም አለች። ቀጥሎ ያለችውም። ግድግዳው ጥግ እስኪደርስ ሁሉም አላውቅም አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን በዐይኔ አየሁት። የፈሩት ሰብለ ወንጌልን ነው ብዬ ነበር፤ ባለጸጋ ናት፣ ቤቷ ይበላል።

ሐጂ ዐብደላ ወደ መርዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ለነዚህ ሴቶች ስትሸጪ ኖረሻል። ክሩን የምታውቀውን አንዷን ጥሪ። አንድ ስም ይበቃል፤ ከዚያ ቤትሽ ግቢ።»

መርዋ ቀና ብላ ሴቶቹን አየች። ከጽጌሬዳ ጀምራ እስከ ጥጉ ድረስ ቀስ ብላ አየቻቸው። ዐይኗ የደረሰባት ሁሉ አንገቷን ትሰብራለች። እኔም «በይ እንጂ» እያልኩ በልቤ እገፋታለሁ።

«የምጠራው የለኝም፣ አባባ» አለች።

«የለሽም ወይስ አልጠራም ነው?»

«አልጠራም።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን መልሰው አነሡ። መምሬ እንኳየሁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ጥፋተኛ አላልናትም አሉ። ንጹሕም ናት ማለት አልቻልንም አሉ። «እንግዲህ ለሰላም ሲባል ቤቱን ብትለቅ» አሉ። ለሰላም ሲባል። ይህች ቃል ስትመጣ የሚለቀው ሁልጊዜ ዝም ያለው ነው፤ የጮኸውማ ቤቱ ይቀመጣል። ሰብለ ወንጌል የመምሬን መስቀል ተሳልማ ወጣች።

ዕቃ በምትጠቀልልበት ሳምንት ቅዳሴውን ትቼ ከቀትር በኋላ ላግዛት ሱቋ ገባሁ። ከጆንያዎቹ ኋላ ተቀምጬ ማሰሪያ ስፈታ ጽጌሬዳ በነጠላዋ ተከናንባ ብቅ አለች። መደቤ ተሸፍኖ ሲታይ የለሁም ብላለች። «መርዋ፣ የት ልትገቢ ነው?» አለች በሹክሹክታ። «እንግዲህ ያንን ነገር ከማን እወስዳለሁ? ቀዩን። ልጆቹ ያለሱ ሽሮ አልበላም ብለው አስቸገሩኝ።»

ከጆንያው በላይ ቀና ስል አየችኝ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ወጣች።

ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ መጣች፤ ያችም ከግድግዳው ሥር ከተደረደሩት ናት። አማቷ ታመው አፋቸውን እንዲከፍትላቸው ነው አለች። ከዚያ ሌላዋ። ለራሷ ሳይሆን ለተከራይ ነው። እንዲህ እያሉ፣ ቅዳሴው ሳይወጣ፣ ገበያው ጭር ባለበት ሰዓት እየተሽሎከለኩ መጡ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ እግሬ እስኪያብጥ ቤተ ክርስቲያን ስቆም እነሱ እዚህ ቆመው ቀዩን ስጪኝ ሲሉ ነው የኖሩት። ያ ግድግዳ ሥር የነበረ አንገት ሁሉ የተሰበረው ሰብለ ወንጌልን ፈርቶ አይደለም። መርዋ ስሜን ትጠራኛለች ብሎ ነው። እያንዳንዷ የምትፈራው መርዋን ነበር፤ መርዋ ደግሞ ሁሉንም ይዛ ዝም አለች። በመጨረሻ ማን መጣች መሰላችሁ? የመምሬ እንኳየሁ ባለቤት ናቸው። እሳቸው ግን ለማን እንደሆነ እንኳ አልተናገሩም።

«መርዋ፣ ሁሉም ናቸው?» አልኳት።

ጆንያ ማጠፏን አላቆመችም።

«አንድ ስም ይበቃል ተብለሽ፣ ይህ ሁሉ ስም ሆድሽ ውስጥ እያለ ሱቅሽን ሰጥተሽ ወጣሽ? ለነዚህ? እሄዳለሁ። አሁን ገበያው መካከል ቆሜ በስም በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ከመምሬ ሚስት ነው የምጀምረው።»

ተነሣሁ። መርዋ የነጠላዬን ጫፍ ያዘችኝ። ተቆጥታ አይደለም፤ ልጅ ሊያመልጥ ሲል እንደሚያዝ አድርጋ ነው የያዘችኝ።

«ይመኙሽ፣ ጾም ላይ ነሽ እኮ» አለችኝ። «ሐሜት ጾምሽን ያስፈታል።»

የንስሐ አባቴም በየዓመቱ የሚሉኝ ይህንኑ ነው፤ እሳቸው ሲሉኝ ግን እንዲህ ገብቶኝ አያውቅም። ጾማችንን አስፈታችን ተብላ ከአባቷ ሱቅ የተባረረች እስላም ተቀምጣ የኔን ጾም ትጠብቅልኛለች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ ጆንያዋን አጣጥፋ ጨረሰች። በማግስቱ ዕቃዋን ጋሪ ላይ ጭና ወደ አዘዞ ወረደች። መንገድ ዳር አንድ ጠባብ ክፍል አግኝታለች። የቻይናው ወጥ ቤት ፒክአፑን እዚያ ያቆማል፤ ሱጃታም በባጃጅ እየሄደች «የጾም?» ትላታለች። ሌላው ደንበኛዋ ግን ቀርቷል። ያስሚን ትምህርቷን አቋርጣ መጥታ እየረዳቻት ነው።

ሁዳዴ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ጽጌሬዳን በየቀኑ ፊት ለፊቴ አይቻት ዝም አልኩ። ሰብለ ወንጌልን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አግኝቻት ሰላም አልኳት። የመምሬን ባለቤት እጅ ነሣሁ። ሌላ ሰው እንዲህ የጾመ እንደሆነ አላውቅም፤ ከሥጋውና ከቅቤው ይልቅ ይህ ነው ያከሳኝ።

ትናንት ፋሲካ ነበር፤ ገደፍኩ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የሚባል የለም። ቁጭ በሉ፣ ስማቸውን ልንገራችሁ።